የቀላል ኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ጎማ፦ ከኋላ ጠንካራ ሸራ፣ ከፊት ለስላሳ ላስቲክ

ቀላል የሚባለውን የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በዋናነት የሚከፍለው ለተቀነሰው ኪሎ ነው። ሙሉ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 26 ኪሎ ሲመዝን ቀላሉ ከ16 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ የተገኘው በካርቦን ፍሬም፣ በትንሽ ሞተርና በትንሽ ባትሪ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ችግሩ የሚመጣው ጎማው ላይ ነው። ብዙ አምራቾች ካታሎጉ ላይ የሚጻፈው ክብደት እንዲያምርላቸው ስስ ጎማ ይገጥማሉ። ገዢው ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ከተነፈሰበት በኋላ ይመረርና ለቁልቁለት ውድድር የተሠራ ከባድ ጎማ ከፊትም ከኋላም ያስገጥማል። በመጀመሪያው ጎማ ከጫካ በእግሩ ይመለሳል፤ በሁለተኛው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ቅልጥፍና ከብስክሌቱ ይጠፋል።

የእኔ ምክር ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ ማሰብ ነው። የኋላው ሸክም ተሸካሚ ስለሆነ ጥንካሬ ይሰጠው፤ የፊቱ መሪና ፍሬን ስለሆነ የሚይዝ ላስቲክ ይሰጠው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህን ሐሳብ በእርስዎ ኪሎ፣ በእርስዎ ብስክሌትና በሚነዱበት መሬት ልክ እንዴት እንደሚሠሩበት ያሳያሉ።

መጀመሪያ የብስክሌቱን ቁጥሮች ይጻፉ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ከብስክሌቱ መግለጫ ላይ አራት ነገሮችን ይገልብጡ፦ የሞተሩን የመጠምዘዝ ጉልበት በኒውተን ሜትር፣ የባትሪውን አቅም በዋት ሰዓት፣ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም የሁለቱንም ጎማዎች መጠን።

የመጠምዘዝ ጉልበቱ የኋላ ጎማዎ ምን ያህል እንደሚሠቃይ ይነግርዎታል። ስፔሻላይዝድ በ2020 ያወጣው ቱርቦ ሌቮ ኤስኤል 35 ኒውተን ሜትር ብቻ ነበረው፤ በ2023 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ 50 ደረሰ። ትሬክ በ2022 ያወጣው ፊውል ኢኤክስኢ ላይ ያለው የቲኪው ሞተርም 50 ነው። የቦሽ ኤስኤክስ ሲወጣ 55 ነበረው፤ የፋዙዋ ራይድ 60 ደግሞ ስሙ እንደሚለው 60 ነው። ሙሉ ጉልበት ካላቸው የቦሽ ሲኤክስና የሺማኖ ኢፒ8 ለዓመታት የታወቁበት 85 ኒውተን ሜትር ጋር ሲተያይ ይህ መጠነኛ ነው። መጠነኛ መሆኑም ለጎማ በረከት ነው፤ ዳገት ላይ የኋላው ጎማ ባዶውን ተሽከርክሮ ጥርሱን በድንጋይ አይፍቅም። ዛሬ ግን ክብደት ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በ2024 ብቅ ያለው አምፍሎው የዲጄአይን ሞተር ይዞ ክብደቱ 20 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ሳለ 105 ኒውተን ሜትር ያወጣል። እንዲህ ያለውን ብስክሌት ሚዛን ላይ አይተው ቀላል ነው ብለው ስስ ጎማ አይግጠሙለት፤ በጎማ ጉዳይ ከከባዶቹ ወገን ነው።

የባትሪው አቅም ደግሞ ጎማው ሲጎትት የሚከፍሉት ዋጋ ነው። እስቲ እናስላው። ነጂው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በድምሩ 100 ኪሎ ናቸው እንበል። ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ሽቅብ ማውጣት 272 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሳይቆጠር ማለት ነው። ግማሹን በእግርዎ ይሸፍኑታል። አሁን ጎማውን እንጨምርበት። የጎማው መጎተት ከጠቅላላው ክብደት 2 በመቶ የነበረው ወደ 3 በመቶ ቢያድግ፣ በ20 ኪሎ ሜትር የጫካ መንገድ ተጨማሪው ወጪ 54 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 750 ዋት ሰዓት ቢሆን ይህ 7 በመቶ ነውና ብዙም አይታወቅም። የፊውል ኢኤክስኢ ባትሪ ግን 360 ነው፤ ያው 54 እዚያ ላይ 15 በመቶ ይወስዳል። የመጀመሪያው ሌቮ ኤስኤል 320 ብቻ ነበረው። በከባዱ ብስክሌት ላይ የሚናቅ የጎማ ምርጫ በቀላሉ ላይ ከመጨረሻው ዳገት በፊት ባትሪ ሊያሳጣዎት ይችላል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአውሮፓና በእስራኤል ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዝ ያቆማል፤ በአሜሪካ አንደኛ ክፍል በሚባሉት ብስክሌቶች ላይ 32 ላይ ነው። ከዚያ ፍጥነት በላይ ብቻዎን ነዎት። ቀላል ብስክሌት ከዚህ ድንበር አልፎ በእግር ጉልበት መነዳት የሚችል ስለሆነ የሚጎትት ጎማ ወዲያው ይሰማዎታል።

መጠኑን በተመለከተ ጎማው ጎን ላይ እንደ 61-622 ያለ ቁጥር ያገኛሉ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። 622 ማለት 29 ኢንች፣ 584 ማለት 27.5 ኢንች ነው። ሁለተኛውን ትውልድ ሌቮ ኤስኤል ጨምሮ ብዙ አዳዲስ ብስክሌቶች ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 ይዘው ይመጣሉ። በኢንተርኔት ሁለት አንድ ዓይነት ጎማ አዝዘው አንዱ እንዳይገባልዎት ሁለቱንም ቸርኬዎች በዓይንዎ ይዩ።

የሚነዱበትን መሬት ይለዩ

ጎማ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው “ምን ዓይነት ነጂ ነዎት?” ብሎ ነው። የሚሻለው ጥያቄ “ምን ላይ ነው የሚነዱት?” የሚለው ነው።

በዴንቨር ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከከተማው ወደ ምዕራብ ሲወጡ የሚያገኙት ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ እንደ ጥራጥሬ የተበተነ የግራናይት ፍርፋሪ ነው። በዚህ መሬት ላይ ኩርባ ውስጥ የሚያድነው የጎማው የጎን ጥርስ ነው። የዩታዋ ሞአብ ደግሞ ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ ናት፤ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ስለሆነ መያዝ አያቅተውም፤ ላስቲክ ግን ይበላል። በጀርመንና በአልፕስ አካባቢ ችግሩ ርጥብ ሥር ነው፤ እዚያ ከጥርስ ቅርጽ ይልቅ የላስቲክ ልስላሴ ይወስናል። በኢየሩሳሌም ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ያለው የኖራ ድንጋይ ጠርዙ የሰላ ነውና የጎማ ጎን ይቀድዳል።

እንጦጦ ከእነዚህ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት አላት። በበጋ ቀዩ አፈር ጠንክሮ ላዩ አቧራ ይለብሳል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ኩርባው ላይ ይከማችና ጎማውን ከመሬት ይለየዋል። በክረምት ያው አፈር ሳሙና ይሆናል። ወደ ሱሉልታ ተሻግረው ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ዝናብ ካገኘዎት ግን የትኛውም ጎማ አያወጣዎትም፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬሙ መካከል ይሞላና ብስክሌቱን ይቆልፈዋል። ያን ዕለት መንገድ መቀየር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የሚነዱበት ቦታ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መፍቀዱን ያረጋግጡ። ዴንቨር አጠገብ ያለው ጀፈርሰን ካውንቲ በአፈር መንገዶቹ ላይ አንደኛ ክፍሎቹን ይፈቅዳል። ሞአብ ውስጥ ለሞተር ሳይክል ክፍት የሆነው የስሊክሮክ መንገድ ይፈቅዳል፤ ለሞተር አልባ ብስክሌት ተከልለው በቆዩት መንገዶች ላይ ግን ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

የኋላውን ሸራ ይወስኑ

ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ጎማ ከላስቲኩ ሥር በክር የተሠራ ሸራ አለው። የሸራው ድርብርብና የጎኑ መከላከያ ጎማው ድንጋይ ሲመታው ምን እንደሚሆን ይወስናል። በ29 በ2.4 ኢንች ጎማ ስሱ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ900 እስከ 1,050 ግራም፣ መካከለኛው ከ1,050 እስከ 1,200 ግራም፣ ከባዱ ከ1,200 ግራም በላይ ይመዝናል። ማክሲስ ስሱን ኤክሶ፣ መካከለኛውን ኤክሶ ፕላስ፣ ከባዱን ደብል ዳውን፣ የቁልቁለቱን ዲኤች ይለዋል። ሽዋልቤ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሱፐር ግራውንድ፣ ሱፐር ትሬይል፣ ሱፐር ግራቪቲ ይላል። ኮንቲኔንታል ደግሞ ትሬይል፣ ኢንዱሮ፣ ዳውንሂል ብሎ ይጽፋል። የአንዱ ኩባንያ መካከለኛ ከሌላው መካከለኛ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምምና ስሙን ብቻ ሳይሆን ግራሙንም ይዩ።

የኋላው ጎማ ለምን ይለያል? ቁጭ ብለው ሲነዱ ከክብደትዎ የሚበዛው እዚያ ነው። ሞተሩ የሚጠመዝዘው እሱን ነው። ፊቱን ድንጋይ ሲያዩ በእጅዎ ያነሡታል፤ ኋላው ግን ተከትሎ ይመጣና ይመታል። ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ሲያጣብቀው ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ጎማው ውስጥ የሚፈስሰው ማሸጊያ ፈሳሽ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አያድነውም። በቀላል ኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ደግሞ ከተራው ብስክሌት አራት አምስት ኪሎ ስለሚጨመር፣ በተራው ብስክሌት ላይ ለዓመታት ያገለገለዎት ስስ ጎማ እዚህ ይሸነፋል።

ኪሎዎ ከ65 በታች ከሆነና መሬቱ ለስላሳ አፈር ከሆነ ከኋላ መካከለኛ ሸራ ይበቃዎታል። ከ65 እስከ 85 ኪሎ ለሆነና ድንጋያማ መንገድ ለሚወድ ሰውም መካከለኛው መነሻው ነው፤ በአንድ ወቅት ውስጥ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ደጋግሞ ከሰማ ግን ወደ ከባዱ ይሻገር። ከ85 ኪሎ በላይ ሆነው የሰላ ድንጋይ ላይ የሚነዱ ከሆነ ሳያመነቱ ከኋላ ከባዱን ይግዙ። የቁልቁለት ውድድር ሸራ ግን በቀላል ብስክሌት ላይ ቦታ የለውም። እሱን የሚጠይቅ አነዳድ ካለዎት የሚያስፈልግዎት ሌላ ብስክሌት ነው።

ከፊት አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ። ኋላው ከባድ ከሆነ ፊቱ መካከለኛ፣ ኋላው መካከለኛ ከሆነ ፊቱ ስስ ወይም መካከለኛ ይሁን። በዚህ አኳኋን ሁለቱንም ከባድ ከማድረግ ከ100 እስከ 200 ግራም ይተርፍዎታል። ይህ ግራም ጎማው ዳር ላይ ያለ ስለሆነ ፍጥነት ሲጨምሩ ፍሬም ላይ ካለው ግራም እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ከግራሙ በላይ ደግሞ ስስ ሸራ በቀላሉ ስለሚተጣጠፍ በትንንሽ ድንጋይ ላይ ይለሰልሳል፤ እጅዎም ያነሰ ይደክማል።

ከጎማው ውስጥ የሚገባ የአረፋ ቀለበትም አለ፤ እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 260 ግራም ይመዝናል። ቸርኬን ከመሰበር ያድናል፤ በተለይ የካርቦን ቸርኬ ላለው ሰው። ቢሆንም ከሸራ በፊት እሱን አልመክርም። ጎማው መንገድ ላይ ከተቀደደ ቀለበቱን አውጥቶ ከመነዳሪ ማስገባት ከባድ ሥራ ነው፤ ያንኑ ግራም ለተሻለ ሸራ ማዋል ይበልጣል። ከባድ ሸራ ገጥመው አሁንም ቸርኬ የሚመቱ ከሆነ ያን ጊዜ ከኋላ ብቻ ይጨምሩት።

ላስቲኩና ጥርሱ

ለስላሳ ላስቲክ ርጥብ ድንጋይና ሥር ላይ ይጣበቃል፤ ግን ይጎትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ጠንካራው ይሮጣል፣ ይቆያል፣ ርጥብ ላይ ግን ይከዳል። ሞተር ያለው ብስክሌት ላይ ለስላሳውን ከኋላ ማድረግ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ባትሪውን ይበላል፣ ጥርሱም ተቀድዶ ይረግፋል። ከፊት ሲሆን ግን ሞተሩ አይነካውም፤ የሚሸከመውም ክብደት አነስተኛ ስለሆነ የሚጎትተው ያነሰ ነው፤ የሚሰጠው መያዝ ደግሞ ከመውደቅ የሚያድን ነው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ማረም ይቻላል። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ነጂው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በጀትዎ ለአንድ ጥሩ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፊቱ ይግዙ።

በማክሲስ ማክስግሪፕ በጣም ለስላሳው፣ ማክስቴራ መካከለኛው፣ ዱዋል ጠንካራው ነው። በሽዋልቤ ከቀዩ አዲክስ ስፒድ ጀምሮ በሰማያዊው ስፒድግሪፕና በብርቱካናማው ሶፍት አድርጎ እስከ ሐምራዊው አልትራ ሶፍት እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ቀለሙ በጎማው መሀል በመስመር ይታያል። ኮንቲኔንታል ኢንዱራንስ፣ ሶፍት፣ ሱፐር ሶፍት ይላል። ለደረቅ አገር ከፊት መካከለኛ፣ ከኋላ ጠንካራ ወይም መካከለኛ፤ ለርጥብ አገር ከፊት በጣም ለስላሳ፣ ከኋላ መካከለኛ ያድርጉ።

ስለ ጥርስ ቅርጽ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይከራከራሉ። ከፊት የጎን ጥርሱ ረጅምና ጠንካራ የሆነ፣ እንደ ማክሲስ አሴጋይ ወይም እንደ ሽዋልቤ ማጂክ ሜሪ ያለ ጎማ ለአብዛኛው ሰው ይሆናል። ከኋላ የመሀል ጥርሱ አጠር ያለና የተቀራረበ፣ የጎኑ ግን የሚይዝ እንደ ማክሲስ ዲሴክተር ወይም እንደ ሽዋልቤ ኖቢ ኒክ ያለው ባትሪ ይቆጥባል። ኮንቲኔንታል በ2022 ያወጣቸው ጎማዎች በመሬት ዓይነት የተከፋፈሉ ስለሆኑ ለጀማሪ ይቀላሉ፦ ዚኖታል ለጠንካራ መሬት፣ ክሪፕቶታል ለድብልቅ፣ አርጎታል ለለስላሳና ለልል። ለእንጦጦ በጋ ከኋላ ዚኖታል ወይም የእሱ ዓይነት ይበቃል።

ስፋቱን ቸርኬው ይወስነዋል። የውስጥ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ከ2.3 እስከ 2.6 ኢንች ጎማ ይወስዳል፤ ከፊት 2.4 ወይም 2.5፣ ከኋላ 2.4 ለቀላል ብስክሌት ተስማሚው ነው። ከኋላ ሰፋ ያለ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ከፍሬሙ ጋር የሚቀረውን ክፍተት ይለኩ፤ ጭቃ መውጫ ይፈልጋል።

አገጣጠሙ

እነዚህ ጎማዎች የሚነዱት ያለ ከመነዳሪ፣ በቱብለስ ነው። የቸርኬው የውስጥ ቴፕ አለመላጡን ይዩ፤ በጎማው ላይ ያለው ቀስት ወደፊት መዞሪያውን ያሳያልና በትክክል ያዙሩት። አንዱን ጠርዝ ካስገቡ በኋላ ሁለተኛውን ከመዝጋትዎ በፊት ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ ያፍስሱ። ጠርዞቹን በሳሙና ውሃ ያርጥቡ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር የሚሰጥ ፖምፓ ይጠቀሙ፤ ጠርዞቹ ቦታቸውን ሲይዙ ጠንከር ያለ የመፈንዳት ድምፅ ይሰማል፤ አይደንግጡ።

ጥሩ ፖምፓ ከሌለዎት ሰፈርዎ ያለው ጎሚስታ በኮምፕሬሰሩ ሊረዳዎት ይችላል። ሁለት ነገር ይዘው ይሂዱ። የብስክሌቱ ቫልቭ ቀጭኑ ፕሬስታ ከሆነ የመኪና ቫልቭ የሚያደርገው ትንሽ የናስ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ካልያዙ የጎሚስታው አፍንጫ አይገባም። ሁለተኛው የራስዎ መለኪያ ነው። የመኪና ጎማ የለመደ ሰው በአንድ ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሊሞላው ስለሚችል፣ በቸርኬውና በጎማው ላይ ከተጻፉት ከፍተኛ ግፊቶች ዝቅ ያለውን አስቀድመው ይንገሩት፤ በጥቂት በጥቂቱ እንዲሞላም ይጠይቁት። ከዚያ ያለፈ ግፊት ጎማውን ከቸርኬ አስወጥቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ማሸጊያው በየሁለት ሦስት ወሩ መታየት አለበት፤ በደረቅና በሞቃት አየር ቶሎ ይደርቃል። ጎማውን ሲያወዛውዙት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ይጨምሩ። ሥራው ምን እንደሆነ ኩርንችት ያለበት ቦታ ላይ የነዳ ሰው ያውቀዋል። እኛ አገር እግር የሚወጋው ያው ኩርንችት ዛሬ በኮሎራዶ በጎጂ አረምነት ተመዝግቦ የብስክሌት ጎማ ይበሳል። ኩርንችት ወይም የግራር እሾህ ከገባ መንገድ ላይ አይንቀሉት። እሾህ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ቤት ገብተው ነቅለው ጎማውን ቢያሽከረክሩት ፈሳሹ ይዘጋዋል። ለትልቁ ቀዳዳ የላስቲክ ክር መሰኪያ፣ ለባሰው ደግሞ አንድ ከመነዳሪ ይያዙ። ከመነዳሪውን ከማስገባትዎ በፊት ጎማውን በውስጥ በኩል በጨርቅ ዳብሰው የተሰካውን እሾህ ሁሉ ያውጡ፤ አለዚያ ገና ሳይነሱ ይበሳል።

ግፊቱን ያስተካክሉ

በጣም ጥሩው ጎማ በተሳሳተ ግፊት መጥፎ ጎማ ነው። ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ይግዙ፤ የመሬት ፖምፓ ላይ ያለው ሰዓት በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ላይ ብዙ ጊዜ አይታመንም።

ለ75 ኪሎ ሰው፣ በ29 በ2.4 መካከለኛ ሸራ፣ ያለ ከመነዳሪ፣ ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒኤስአይ መነሻ ነው። ኪሎዎ በ5 በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ከኋላ ከባድ ሸራ ካለ 1 ወይም 2 መቀነስ ይቻላል። ሽዋልቤ በ2024 ያመጣቸው ራዲያል ጎማዎች ግን በተፈጥሯቸው ስለሚለሰልሱ 2 ያህል መጨመር ይወዳሉ።

ከዚያ አንድ የሚያውቁትን አጭር መንገድ ይምረጡና ደጋግመው ይንዱት። ኩርባ ውስጥ ጎማው ከሥርዎ የሚታጠፍ ከመሰለዎት ወይም ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከሰሙ 1 ይጨምሩ። ብስክሌቱ በትንንሽ ድንጋይ ላይ ከነጠረ፣ ወይም ዳገት ላይ ኋላው ባዶውን ከተሽከረከረ 1 ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ አንዱን ጎማ ብቻ ይቀይሩ። ያገኙትን ቁጥር ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ የፊት አሞርዛተሩን ከማስተካከልዎ በፊት ይህን ይጨርሱ፤ ምክንያቱም የአሞርዛተር ችግር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የጎማ ግፊት ነው።

ለደጋ ሰው የምለው አለ። ከፍታና ሙቀት ይህን ቁጥር ይለውጡታል። ከአዲስ አበባ መሀል ሞልተው እንጦጦ አናት ላይ ሲደርሱ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ያለ ያሳያል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ በመኪና ይዘውት ቢወርዱ ደግሞ 2 ያህል ዝቅ ይላል፤ የቆላው ሙቀት ግን የተወሰነውን ይመልሰዋል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ከ1 ፒኤስአይ ትንሽ በላይ ይለወጣልና። ከዴንቨር ተነሥቶ 3,500 ሜትር ላይ ለሚነዳ ሰው ለውጡ ወደ ሁለት ተኩል ይጠጋል። እነዚህ ቁጥሮች ሲያዩዋቸው ትንሽ ይመስላሉ፤ ኩርባ ውስጥ ግን ይታወቃሉ። ስለዚህ ግፊቱን የሚለኩት መንዳት የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ይሁን። ሞተሩን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ አይቀንስም። ለዚህ ነው ይህ ብስክሌት ለደጋ ተራራ የተስማማው፤ ትንፋሽ ሲያጥርዎት እሱ ያው ነው።

ብስክሌቱን ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ይዤ እመጣለሁ ለሚል ግን አስቀድሜ ልንገረው። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የብስክሌት ባትሪ አይጫንም፤ የቀላሎቹ ዋና ባትሪ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ብስክሌቱ ያለ ባትሪ ቢሄድ እንኳ ባትሪው በጭነት መንገድ መላክ አለበት፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

መቼ ይቀየር

ከኋላ የመሀል ጥርሱ ቁመት ሲጋመስ ፍሬን ሲይዙ የሚንሸራተትበት ርቀት ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ይቀይሩት። ከፊት መሀሉን ሳይሆን የጎን ጥርሱን ሥር ይመርምሩ፤ በጣት ሲገፉት ሥሩ ከተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ በቀላሉ ከተጋደመ መሀሉ አዲስ ቢመስልም ጎማው አልቋል። ጎኑ ላይ የሸራው ክር ወጥቶ ከታየ፣ ፈሳሽም በቀስታ ከላበው፣ በዚያ ጎማ ቁልቁለት አይውረዱ።

በብዙ ቤት የሚደረግ ልማድ አለ፤ የኋላው ሲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወርና ለፊት አዲስ መግዛት። ለተራ ብስክሌት ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ በተመከረው አገጣጠም ግን የፊቱ ሸራ ከኋላው ስለሚሳሳና ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ከኋላ ብዙ አይቆይም። ዘዴውን መጠቀም ከፈለጉ ከመጀመሪያውኑ የፊቱን በኋላው ሸራ ልክ ይግዙ፤ ዋጋውም ከላይ የተሰላው ከ100 እስከ 200 ግራም መሆኑን አውቀው። ኪሎዎ ከባድ ከሆነ፣ መንገድዎም ድንጋይ ከሆነ ይህ ሊያዋጣዎት ይችላል፤ ቀላል ሰው ከሆኑ ግን ሁለቱን ለየብቻ፣ እያንዳንዱን በጊዜው ይግዙ።